ያንኮራፋሁበት ክረምት

ሐምሌ 2 ቀን 2017፣ ረቡዕ

ለአፍንጮ በር ነዋሪዎች፣ ለወዳጅ ዘመድና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ! የወይዘሮ ዓለምጸሃይ ትራስ ዕድሜውን ሙሉ ከኖረበት መኝታ ቤት ትናንት ምሽት ተነሥቶ ሳሎን ሶፋ ላይ ያረፈ መሆኑን ስንገልጽ የሚሰማን ሐዘን ጥልቅ ነው። ብርድ ልብሱም ዛሬ ተከትሎታል። ትራሱ ትሑት፣ ዝምተኛ፣ የቱንም ያህል ቢጫኑት የማያማርር ነበር። ለመላው ቤተሰብ፣ ማለትም ለእኔ፣ መጽናናትን እንመኛለን።

ጥፋቴ ማንኮራፋት ነው ተባለ። ከሠርጌ ማግስት ጀምሮ የማንኮራፋ ሰው ነኝ፤ አዲስ ነገር አልጨመርኩም።

«ማንኮራፋትህንማ ለምጄዋለሁ» አለች ዓለም፣ ትራሷን ታቅፋ በር ላይ ቆማ። «ዝም ስትል ነው ያቃተኝ።»

ይኸው የባለቤቴ ነገር። ስጮህ ጮኸ፣ ዝም ስል ዝም አለ። ሰው በየት በኩል ይተንፍስ?

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ታክሲ ያዝኩ። ተኛሁ። ነቃሁ፣ ፒያሳ ነኝ። ልወርድ አሰብኩና እንደገና ተኛሁ። በመጨረሻ ረዳቱ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ «ፋዘር፣ ወንበሩን ተከራዩት እንዴ?» አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ድሮ ቢሆን ለእንዲህ ያለ ነገር መልስ አላጣም ነበር። ዛሬ ሰደብኩት። ደረቅ ስድብ፣ ቅመም የሌለው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ አባባ» አለኝ። ቢመልስልኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

የእድራችን ስብሰባ። ዳኛው እኔ ነኝ፤ ስንት ዘመን በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰፈሩን ጠብ ሁሉ ስሸመግል ኖሬአለሁ። ዛሬ የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ፍትዊ፣ አንድ አባል ትልቁን ድስት አቃጥሎ መለሰ ብሎ ከሰሰ። ፍትዊ ነገር ሲጀምር ከዓለም ፍጥረት ነው የሚነሣው። ውሃውና የብሱ ሳይለዩ እኔ ተኝቻለሁ።

ስነቃ ሰው ሁሉ አፌን ያያል። ፍርድ የሚጠብቁ መሰለኝ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁና፣ «ጥፋተኛ ነው፣ ይቀጣ!» አልኩ።

«ማን ጋሼ?» አለ ፍትዊ።

ጣቴን ዘረጋሁ። ፍትዊ ላይ አረፈች።

«እኔ እኮ ከሳሹ ነኝ!»

«ከሳሽም ቢሆን ጥፋት አያጣም» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ከውርደት ወጣሁ። ሲበተኑ ግን በር ላይ አንዱ ለሌላው፣ «ኧረ ሰውዬው አርጅተዋል፣ ለምን አናሳርፋቸውም?» ሲል ሰማሁ። ሌላው «ተው፣ ያሳዝናሉ» አለው።

እኔ ሐድጉ። አሳዝናለሁ።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

አብዱልሃሚድን «ሐጂ» ነው የምለው። ሐጅ ሄዶ አያውቅም፤ ስለዚህ ነው የምለው። ከቴዎድሮስ አደባባይ ከፍ ብሎ ሱቅ አለው፤ ቤቱ ግን ከእኛ ግቢ ጎን ነው። ከጉርምስናችን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ባንኮኒ ተደግፈን ማኪያቶ እንጠጣለን፤ ለእኔ ጾም ሲሆን ማኪያቶው ሻይ ይሆናል። ደንብ አለን። ሲኒው ከመቅረቡ በፊት አንድ አንድ አዲስ ስድብ እንሰዳደባለን። ያረጀ ስድብ ያመጣ ሒሳቡን ይዘጋል።

ዛሬ እሱ ቀደመ። «ሐድጉ፣ ፊትህ ዝናብ የደበደበው ጋዜጣ መስሏል። ዜናውም የአምና ነው።»

ጥሩ ነበረች። እኔ አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ባዶ ቤት ገብቶ መብራት ማብሪያ እንደ መዳበስ ነው። በመጨረሻ ስለ ራሰ በራነቱ የቆየችውን አመጣሁ።

«ይቺንማ በደርግ ጊዜ ሰምቻታለሁ» አለ። አልሳቀም። ሰሞኑን ሁሌ ከፋዩ እኔ ነኝ።

ማታ ሚስቱ መይሙና በአጥር ጠራችኝ። «ጋሽ ሐድጉ፣ ሌሊት የሚያንቅዎት ዱካክ ነው። ትራስዎ ሥር ቢላ ያድርጉ፤ ብረት ይፈራል።»

ለካ ሌሊት እንደሚያንቀኝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ተኝቼ ነበርና።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ቢላው ትራሴ ሥር አደረ። ጠዋት ዓለም ሽንኩርት ልትከትፍ ስትፈልገው ቤቱ ታመሰ። አልጋ ስታነጥፍ አገኘችው። ይዛው ቆመች።

«ማንን ልታርድ ነው?»

«ዱካክን።»

«ዱካክ አይደለም። የገዛ ጉሮሮህ ነው የሚያንቅህ።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

ሽንኩርቱን መክተፍ ጀመረች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ነጩም ቀልቷል። ሽንኩርቱ ክፉ ነበር።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ልጃችን አርሴማ ከሰሚት መጣች። በጀርባ መተኛት ነው የሚያባብሰው ብላ አንብባለች። ስለዚህ እናትና ልጅ ተማክረው የካልሲ ኳስ ሠሩና የፒጃማዬ ጀርባ ላይ ሰፉልኝ፤ በጀርባዬ ስገለበጥ እንዲቆረቁረኝ ነው። ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለ ኳስ ቢኖረኝ የሰፈሩ ንጉሥ እሆን ነበር። አሁን በስተርጅና ኳሱ እኔን ይጫወትብኛል።

ከኩሽና የሰማሁት፤

«እማዬ፣ ከእኔ ጋር ነይ። ከእሱ በፊት አንቺ ነሽ የምትሞቺው።»

«ፍልሰታ ትውጣ እስቲ።»

«እና ስትወጣ ትመጫለሽ?»

«እስቲ ትውጣ አልኩሽ።»

እንዳልሰማ ሆኜ ስለ ኳሱ ቀለድኩ። ጾም ልትገባ ስትል የሚከፋው ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ ልትወጣ ነው ብሎ የሚፈራ ግን እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

አራት ኪሎ፣ ክሊኒክ። ዶክተር ናዝራዊት ትባላለች፤ የልጅ ልጄ ብትሆን ያምርባታል። ለአንድ ሌሊት የሚታሠር ዕቃ ሰጠችኝ፤ ደረት ላይ ቀበቶ፣ ጣት ላይ መቆንጠጫ፣ አፍንጫ ላይ ቱቦ። አስሬው ስተኛ ወደ ጠፈር የተላክሁ መሰልኩ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ውጤት መጣ። ዶክተሯ እንዲህ አለች፤ «አባባ፣ ሲተኙ ጉሮሮዎ ይዘጋና ትንፋሽዎ ይቋረጣል። አንጎልዎ ደንግጦ ይቀሰቅስዎታል። ደግሞ ይዘጋል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው። እርስዎ አያስታውሱትም እንጂ ደህና እንቅልፍ ከተኙ ቆይተዋል። ስሊፕ አፕኒያ ይባላል።» በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚቋረጥም ነገረችኝ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ደብተሩ ይደነግጣል።

ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ፣ «እንቅልፍ ያጣ ሰው ይነጫነጫል፣ ይረሳል፣ ይከፋዋል። ድብርትም አብሮ ይመጣል። ድሮ ደስ ይልዎት የነበረ ነገር አሁን አልጥም ያለዎት የለም?» አለችኝ።

«ዶክተር፣ የአራዳ ልጅ አይደብረውም። ያስደብራል እንጂ።»

ሳቀች። አጠገቤ የተቀመጠችው ዓለም ግን አልሳቀችም። የጫማዋን አፍንጫ እያየች ነበር።

መድኃኒቱ ማሽን ነው። በቱቦ አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ ይከላከላል። አርሴማ በስልክ፣ ከየትም ብላ እንደምታመጣው ተናገረች። በመንገድ ላይ ዓለም እጄን ይዛ ነው የሄደችው። ጭቃ ስለነበረ ይሆናል።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

ማሽኑ ገባ። ጭንብሉን ዓለም አሰረችልኝ። በመስተዋት አየሁት፤ ዝሆንና አብራሪ ተጋብተው የወለዱት ልጅ ነው። ማሽኑ ሲነሣ አየሩ አፌን ሞላው። በነሐሴ ንፋስ ፊት አፍ ከፍቶ እንደ መቆም ነው። ልሞት ነው መሰል ብዬ ፈራሁ። ፈራሁ ብዬ ለማን እናገራለሁ?

መላ አገኘሁ። ዓለም ወደ ሳሎኗ ስትሄድ ጭንብሉን አወለቅሁና ብርድ ልብሱ ውስጥ ሸጎጥኩት። ማሽኑ ይሠራል፤ ድምፁ ሳሎን ይደርሳል። ማንም አልተጎዳም።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

ዓለም ጠዋት አረፈደች! ፀሐይ ወጥታ፣ ጎረቤት ተነሥቶ፣ እሷ ሶፋ ላይ እንደ ሕፃን አፏን ከፍታ ተኝታለች። ስትነሣ ጉንጯ ላይ የትራሱ መስመር ታትሟል። «ሲሠራ ሰማሁት፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። በዐሥር ዓመት ወጣት ሆነች። ለቁርስ ዘፈን ቢጤ አንጎራጎረች።

ውሸት ለጤና እንዲህ ተስማሚ መሆኑን ዶክተሮች አያውቁም።

እኔ ራሴን ያመኛል። ቁልፉን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጬ ግማሽ ቀን ፈለግሁት።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ተያዝኩ።

ለፍልሰታ ኪዳን ልትሄድ በማለዳ ተነሥታ ነጠላዋን ልትወስድ ገባች። ብርድ ልብሱ ተነፍቶ እንደ ድንኳን ቆሟል። እኔ ከጎኑ እያጓራሁ፣ ከዚያ ዝም እያልኩ።

ነቅቼ ሳያት መሬት ላይ ተቀምጣለች። «ብርድ ልብሱ ደህና አድሯል» አልኳት። ቀልድ ነበር።

«አምኜህ ተኛሁ» አለች። «አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ስትል እየቆጠርኩ ስጎሽምህ አድሬ፣ ይሄን ሰሞን አምኜህ ተኛሁ። በአንዱ ቀን ባትነሣ ኖሮስ? እኔ ተኝቼ?»

ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ስትመለስ ሻንጣ አወረደች።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ሰሚት ሄደች። ፍልሰታን እንኳ አልጠበቀችም። በር ላይ፣ «ስትተነፍስ ጥራኝ» አለችኝ።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። አሁን ማንም የማይጎሽመኝ ነጻ ሰው ነኝ።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ሽሮ ሠራሁ። አረረ። ድስቱን አየሁና ፍትዊ ትዝ አለኝ። ለመሳቅ ሞከርኩ።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ዝናብ። ቆርቆሮው ላይ ቀኑን ሙሉ።

ሐጂ ደወለ። አላነሣሁም። በር አንኳኳ። አልተነሣሁም። በመስኮት «አንተ ግንድ!» ብሎ ሄደ። ግንድ። አዲስ አልነበረም፤ ሒሳቡን እሱ መዝጋት ነበረበት። ተነሥቼ ይህን ልነግረው አቃተኝ።

ድብርት አይደለም። ዝናብ ነው።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ለዶክተር ናዝራዊት ደወልኩ። ለሌላ ጉዳይ ነበር። ነገሩ ወደ ማሽኑ ዞረ።

«አባባ፣ መጀመሪያ ቀን ቀን ይልመዱት» አለችኝ። «ቁጭ ብለው ሬዲዮ እየሰሙ። ከዚያ ጋደም ብለው። ሲያስፈራዎት ያውልቁት፣ ደግሞ ያድርጉት። ማንም አያጣድፍዎትም።»

«ማን ፈራ አለሽ?»

«ማንም አላለም» አለች። ብልህ ልጅ ናት።

ከሰዓት በኋላ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ አሰርኩት። ዜናው እስኪያልቅ ቆየሁ። ሁለተኛ ጊዜ ስሞክረው ማስታወቂያውም አለቀ።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ይህን በሰፊው መጻፍ አለብኝ።

ከምሳ በኋላ ጭንብሌን አስሬ ጋደም አልኩ። መስኮቱ ተከፍቷል። መይሙና ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ አየችኝ መሰለኝ፤ ባልዲ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ከዚያ ጩኸት። «ወይኔ! ጋሽ ሐድጉ ኦክስጅን ላይ ናቸው!»

በሰፈራችን ከኮሮና ወዲህ ኦክስጅን የተባለ ሰው ተመልሶ አልታየም፤ ወይም የተመለሰውን ማንም አላወራለትም። ብቻ ቃሉ ከአፏ እንደወጣ አፍንጮ በር ተነቀለ። ተነሥቼ ላስረዳቸው ስል በሩ ተበርግዶ ገቡ፤ ብርቱካን የያዘ፣ ጁስ የያዘ፣ እንዲሁ አፉን የያዘ።

እናም ሰይጣን መጣብኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። እስቲ ስለ እኔ የሚሉትን ልስማ፤ ከዚያ ብድግ ብዬ «ቧ!» እላቸዋለሁ። ለዓመት የሚበቃ ቀልድ ነው።

መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። ደግ ሰው ነበሩ ተባልኩ። አባባ በፍርድ አያዳሉም ነበር አለ አንዱ። ያው ያስቀጣሁት ፍትዊ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ድንኳኑ በዚህ በኩል ይገባል? በሩ እኮ ጠባብ ነው» ሲል ሰማሁ። ሌላው «ዝም በል፣ ገና ናቸው» አለው። «እኔማ ለዝግጅቱ ብዬ ነው። ዝናብም አለ።» በጭንብሉ ውስጥ ሳቄን ዋጥኩ።

ሐጂ ሱቁን ዘግቶ መጣ። በእርምጃው ለየሁት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ አንዱ «አብሽር ጋሼ፣ ይድናሉ» አለው።

«እኔ ከፋሲካ ወዲህ ነው የቀበርኩት» አለ ሐጂ።

ብርቱካን የያዘው ፌስታሉን መሬት ሲያስቀምጥ ሰማሁ።

«ወላሂ። ከፋሲካ ወዲህ አንድ አዲስ ስድብ አልሰደበኝም። አፉን ከፍቶ ባንኮኒው ላይ ያፈጣል፤ ከዚያ ይከፍላል። እየሰደብኩት ይከፍላል። ማታ ለመይሙና ሐድጉ ሞቷል፣ ማኪያቶ የሚጠጣው ሌላ ሰው ነው እላት ነበር። እናንተ ዛሬ ሰማችሁ እንጂ።» ከዚያ እጄን ያዘና፣ «ስደበኝ አንተ። ያረጀውንም ቢሆን አመጣው» አለኝ።

እዚህ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ ሐጂ ነው።

ማሽኑ በድንገት ያፏጭ ጀመር አሉ። ሰዉ ደነገጠ፤ ያለቀ መሰላቸው። በዚያው ቅጽበት ዓለም ደረሰች። መይሙና ደውላላት፣ ከሰሚት በኮንትራት ታክሲ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጫማዋ ግራና ቀኙ የተለያየ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ አየችኝ። ከዚያ ቀና አለች።

«ውጡ» አለች። «ተኝቷል።»

ፍትዊ፣ «እትዬ፣ እርግጠኛ ነዎት?» አላት።

«ሲተኛና ሲሞት የማውቀው እኔ ነኝ! ውጣ አልኩህ!»

ወጡ። ብርቱካኑን ትተውልን፣ የድንኳኑን ሐሳብ ይዘው።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ሌሊቱን ከጭንብሉ ጋር አደርኩ፤ ሁለት ጊዜ አውልቄው ሁለት ጊዜ መለስኩት። ዓለም አጠገቤ ነበረች። ጠዋት ስነሣ ራሴን አላመመኝም። እሷ እኩለ ቀን ደርሶ አልነቃችም። አርሴማ ስትደውል፣ «እናትሽ ተኝታለች፤ ሰሚት ያለውን አልጋ ለሌላ እንግዳ አንጥፊው» አልኳት።

ነሐሴ 23፣ ዓርብ

የዓለም ቅድመ ሁኔታዎች፤ ማሽን ከሌለ እሷ የለችም። መብራት ከጠፋ በጎኔ፣ ከነኳሴ። ወር በገባ ቁጥር ዶክተር ናዝራዊት ዘንድ። እዚያም ስለ ጉሮሮዬ ብቻ ሳይሆን በሆዴ ስለያዝኩትም እንድናገር፣ ቀልድ ሳልቀላቅል። የመጨረሻው ከባድ ነው። ፈረምኩ።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ፒያሳ። ሐጂ አኩርፎ ባንኮኒውን ይጠርጋል፤ የራሱ እንኳ አይደለም። «ሰው እየሞትኩ ነው ብሎ ያስለቅሳል?»

«አንተ ግን ሐጂ» አልኩት፣ «መካ ብትሄድ ሰይጣኑን ልትወግር ሳይሆን ጠጠር ልትነግድለት ነው።»

መጥረጊያውን አስቀመጠ። ከዚያ ጭንቅላቱን ወደ ባንኮኒው ልጅ መልሶ፣ «ዛሬ እኔ ነኝ የምከፍለው» አለ። አዲስ ነበረች፤ የእሱም አላረጀችም ነበር፤ ምክንያቱም ገና አልሰደበኝም። ደንቡን ጣሰ። አልተከራከርኩትም።

ነሐሴ 30፣ ዓርብ

ዳኛ ነኝና በራሴ ላይም ልፍረድ። በዚህ ደብተር ውስጥ አንድ ነገር ፈጥሬ ጽፌአለሁ። የፍትዊ ቅጣት እውነት ነው፤ ቢላውም፣ ኳሱም እውነት ናቸው። ፈጠራዬ ነሐሴ 18 ቀን «እንቅልፍ ወሰደኝ» ያልኩት ነው።

አልተኛሁም ነበር። ሐጂ ምንም አልነገረኝም፤ ሁሉን በጆሮዬ ሰማሁ። ስደበኝ ሲለኝ «ቧ!» ልል ነበር፤ ግን እንባዬ ቀደመኝ። እንባ ጭንብሉ ጠርዝ ሥር ሲገባ ላስቲኩ ይንሸራተታል፣ አየሩ ያፈተልካል፣ ማሽኑ እንደ ድሮ ባቡር ያፏጫል። ያን ሁሉ ሰው ያስደነገጠው የሞት ድምፅ አልነበረም፤ አንድ ሽማግሌ እያለቀሰ ነበር።

ዓለም ጎንበስ ስትል የነጠላዋ ጫፍ ግንባሬን ነካኝ። ዓይኔን አልገለጥኩም። በአውራ ጣቷ ጉንጬን ጠረገች፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ማሰሪያውን አንድ ቀዳዳ አጠበቀችው። ፉጨቱ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብላ፣ ውጡ፣ ተኝቷል ያለቻቸው።